በሽታ አርቢዋ

ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ አጠገባቸው ያለችው ወጣት የታቀፈችውን የበረዶ ሳጥን አዩ።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«ጉና ላይ ከታመመ ውሻ የወሰድኩት ናሙና ነው። ቫይረሱን ቤተ ሙከራ ወስጄ ላረባው ነው።»

«እኛ በግ እናረባለን፤ አንቺ በሽታ ታረቢያለሽ?»

«አዎ አባቴ፣ አረባለሁ። በብልቃጥ የማሳድገው ሕያው ሕዋስ አለ፤ እዚያ ውስጥ ገብቶ ይራባል።»

«ጉድ ስሙ! ሳጥኑ ጣራ ላይ ይጫን!»

«ፀሐይ ከመታው ቫይረሱ ይሞታል።»

«ይሙታ! እሰይ ነው!»

«እዚህ ቢሞት ጉና ላይ አይሞትም። ካላረባሁት አላውቀውም፤ ካላወቅሁት ያለው የውሻ ክትባት ይመክተው እንደሆነ መናገር አልችልም።»

«እንግዲያስ ከነበሽታሽ ውረጂ!»

«አልወርድም። ሰው አይዝም። ሳጥኑም ከጭኔ አይነሳም።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከሳጥኑ ሳያነሱ ጠየቁ።

«ውሻውን ምን አደረገው?»

«ዓይኑ አዣ፣ አሳለው። ኋላ አፉ ውስጥ ምንም ሳይኖር ያላምጥ ጀመር።»

«ባዶ አፉን?»

«ባዶ አፉን።»

«የኔም እንዲሁ ሲያላምጥ፣ ለሃጩ ሲወርድ፣ አብዷል አሉኝ። በገዛ እጄ ገደልኩት።»

«ብዙ ሰው ከእብድ ውሻ በሽታ ጋር ያምታታዋል፣ አባቴ።»

«ሦስት ቡችሎች ቀርተውኛል።»

«እኔም የያዝኩት ለእነሱ ነው።»

«በይ አርቢው። ደህና አድርገሽ አርቢው።»

ፀሐይዋ ሳጥኑ ላይ ማረፍ ስትጀምር የመስኮቱን መጋረጃ ሳብኩት።