ከሐኪም ቤት በር የተመለሰችው እህታችን

እናታችን፣ የእህታችን ባለቤት አናጢው ወንድሜ፣ ፀሐይ ላይ የቆማችሁ ወዳጅ ዘመዶች፤ አፈሩ ከመመለሱ በፊት ትንሽ ታገሡኝ። ከእህታችን ጋር በአንድ ስፌት ቤት የምሠራ ጨርቅ ቆራጭ ነኝ። እናቷ፣ «ልጄ በገዛ እጇ መሄዷን አትሸፋፍን፤ ታማ ነበር በል» ብለውኛል። ታማ ነበር።

በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ «ፈጥኖ ደራሽ» ነበር የምንላት። በእኛ ስፌት ቤት ሥራ የተከመረበትን ሰው «ላግዝህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከክምሩ አንስቶ መስፋት ነው። ቀድማ የምታነሳው እሷ ነበረች። «አንተ ቆራጭ፣ ይሄን እጅጌ ለዝሆን ነው የቆረጥከው?» እያለች ታስቀን ነበር።

በኋላ እጇ ከበዳት። ማሽኑ ላይ ፈዛ ትቀራለች። እኛስ ምን አደረግን? እንደ ልማዳችን ከክምሯ አነሳን። ኮሌታውን አንዷ፣ ኪሱን ሌላዋ። አለቃችን የተሰፋውን አይቶ «ጎበዝ» አላት። ማን ይጠርጥር?

ያልሞከረችው የለም። በእግሯ ወደ ሥራ መሄድ ጀመረች። ስልኳን ሳሎን ትታ በጊዜ ተኛች። ባሏ እየለመነ አጎረሳት። ይሄ ሁሉ ለደከመው ሰው ይበጃል። እሷ ግን ደክሟት አልነበረም። «ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ፣ ለምን ነጋ እላለሁ» ስትለን ምን አልናት? «አይዞሽ፣ ያልፋል።» ጥርሷን ቢያማት እንዲህ እንላት ነበር?

አንድ ቀን የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሄደች። በሩ ላይ የሰፈር ሰው አገኛት።

«ምነው፣ በደህና?»

«ሰው ልጠይቅ ነው» ብላ ተመለሰች።

እዚያ ሐኪም ቤት ተኝቶ የሚጠየቅ በሽተኛ የለም፤ አልጋም የለው። ይሄን እየሳቀች ነገረችን፤ እኛም ሳቅን። «እብድ ናት ይሉኛል» አለች። «አንቺማ ከሁላችን ጤነኛ ነሽ» አልናት። ወይ እህቴን።

የማጽናኛ ቃል ፈልጌ አጣሁ። ብቻ እንቅልፍና እህል የራቀው፣ መኖር ያስጠላው ሰው ቤታችሁ ካለ «አይዞህ» ብላችሁ አትለፉት። ክንዱን ይዛችሁ ሐኪሙ ፊት አድርሱት። ሰው አየን አላየን አትበሉ። ለእሷ ግን ይሄ ምን ያደርግላታል?

እህቴ፣ ነገ እናትሽን ሐኪም ዘንድ እወስዳቸዋለሁ፤ እንቅልፍ እንቢ ብሏቸዋል። ክፍሉ ድረስ አብሬያቸው እገባለሁ። አንቺን ግን ከዚህ ጉድጓድ አፍ ወዲያ ልሸኝሽ አልችልም። ደህና ሁኚ።