የጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ማርና ዓይን የማያየው ብርሃን

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በነሐሴ መገባደጃ፣ ከዋጫ ወደ ቦንጋ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ መናኸሪያው ጥላ ሥር ዝናብ ተጠልዬ ነበር። የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። መጠበቅ አልወድም፤ የሰው ጨዋታ ማዳመጥ ግን እወዳለሁ፣ አልክድም።

ከጎኔ የተቀመጡት ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ነበሩ። እንዳጫወቱኝ፣ እሳቸውና ጎረቤታቸው አቶ ደጉ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጫካ ውስጥ አብረው ቀፎ ሰቅለዋል። በግንቦት ግን በአንድ በርሜል ቀላቅለው ያስረከቡትን ማር ገዢው «ጥራቱን አላሟላም» ብሎ መለሰባቸው። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስም «ደጉ ስኳር ጨምሮበታል» አሉ፤ ሰላምታም ተቋረጠ። ያን ዕለት ወደ ቦንጋ የሚሄዱት አቶ ደጉን በሽማግሌዎች ፊት ሊያስምሏቸው ነው።

በዚህ መካከል ትሕትና ዝናቡን ሸሽታ መጣች። የዚያው አካባቢ፣ የደካ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ባዮኬሚስትሪ ትማራለች። በሰኔ ከየማር አምራቹ ቤት በትንሽ በትንሹ ናሙና ወስዳ ነበር።

«ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ፣ እንደምን ዋሉ? እርስዎን ስፈልግ ነበር፤ የማሩ ውጤት ደርሷል።»

«ስኳሩን አገኘሽው?»

«ስኳር የጨመረ ሰው አላገኘሁም፤ ሌላ ነገር ግን አግኝቻለሁ። ማር ውስጥ ከንቧ የሚመጣ ጥቂት ፕሮቲን አለ። እንደ ተጠቀለለ ክር ይቁጠሩት። ሥራውን የሚሠራው ጥቅሉ እስካልተፈታ ድረስ ነው።»

«ይህን ክር በዓይንሽ አየሽው ልጄ?»

«ዓይን አያየውም። ነገር ግን ክሩ ላይ ትሪፕቶፋን የሚባሉ ቁራጮች አሉ። ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍባቸው እነሱም መልሰው ብርሃን ይሰጣሉ። ቀለም አልጨመርንበትም፤ ብርሃኑ የራሱ የፕሮቲኑ ነው። ቁራጩ ጥቅሉ ውስጥ ከውኃ ተሸሽጎ ሲኖር አንድ ዓይነት ብርሃን ይሰጣል፤ ጥቅሉ ተፈትቶ ውኃ ሲነካው ብርሃኑ ይለወጣል። መሣሪያው ያንን ያነባል።»

እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ፕሮቲንን በጠመኔ ስስል ኖሬ በራሱ እንደሚያበራ ግን ለተማሪዎቼ ነግሬያቸው አላውቅም። አፈርኩ። ወንበሬንም ሳብ አድርጌ ተጠጋኋት።

«የአቶ ደጉ ማር ፕሮቲን እንደ ተጠቀለለ ነው» አለች። «ከማሩ ለይተን የሚወደውን ዓይነት ስኳር ብንሰጠው ያዘው፤ ሲይዘውም ብርሃኑ ደብዘዝ አለ። የእርስዎ ግን ተፈትቷል። ያንኑ ብንሰጠው ብርሃኑ ንቅንቅ አላለም፤ መያዣው ፈርሷል።»

የጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ፊት ጠቆረ። «እኔ ነኝ እንግዲህ ስኳር የጨመርኩ?»

«ኧረ በፍጹም! ስኳር ቢጨመርበት ፕሮቲኑ ያንሳል እንጂ አይፈታም። የእርስዎ መጠኑ ደህና ነው፤ የተበላሸው ቅርጹ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሲያጠሩት ያሞቁታል?»

«ታዲያስ። ሰፈፉ እንዲለቅ እሳት ላይ ጥጄ አፈላዋለሁ፤ አባቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይረጋል፣ ምን ይጎድልበታል?»

ትሕትና ከአንዲት ሻጭ የተቀቀለ እንቁላል ገዝታ ልጣ ሰጠቻቸው። «ይኸው ቀዝቅዟል። እንደ ጥሬው ይፈስሳል?»

«እንዴት ብሎ!»

«ነጩ ፕሮቲን ነው። እሳት አንዴ ፈታው፤ ስለ ቀዘቀዘ አልተመለሰም።»

ሽማግሌው እንቁላሉን አገላብጠው አዩት። «መሣሪያሽ ተሳስቶስ እንደሆነ?»

«እኔም ፈርቼ ነበር። ስለዚህ ከአቶ ደጉ ማር ግማሹን ከፍዬ አፈላሁት። ብርሃኑ ልክ እንደ እርስዎ ማር ሆነ። በርሜሉን ያስመለሰውም እንዲህ የፈላው ማር ነው።»

ሚኒባሱ ሲሞላ ትሕትናም አብራን ተሳፈረች፤ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ እንቁላሉን ሳይበሉ እስከ ቦንጋ ድረስ ይዘውት ሄዱ። እንዲህ ያለው መንገድ ለሽማግሌ ሰው ቀላል እንዳልሆነ አንባቢ ያውቀዋል፤ የአባትን ልማድና የራስን ክስ በአንድ ቀን መጣል ነውና።

እኔም ጉጉቴ አላስችል ብሎኝ ተከተልኳቸው። አቶ ደጉ በሽማግሌዎቹ ፊት ነጠላቸውን አደግድገው ለመሐላ ቆመዋል።

«አታስምሉት» አሉ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ። «ማሩን በገዛ እሳቴ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የሰው ስም ያጠፋሁትም እኔው ነኝ።» እግራቸው ላይ ሊወድቁ ጎንበስ ሲሉ አቶ ደጉ ትከሻቸውን ይዘው አስቀሯቸው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ ትሕትና ዞረው «ያለ እሳትስ እንዴት ይጠራል?» ሲሉ ጠየቁ።

«በንጹሕ ጨርቅ አንጠልጥሎ ቀስ ብሎ እንዲንጠፈጠፍ መተው ነው። ሦስት ቀን ይፈጃል። ግን ማገዶ ይተርፋል፣ የማሩ መዓዛ አይጠፋም፣ ከመበላሸት የሚጠብቀው ፕሮቲንም ደህና ይሆናል፤ ገዢም አይመልሰውም።»

አቶ ደጉ ወዳጃቸውን ትክ ብለው አዩአቸው። «ሦስት ወር ስታኮርፈኝ ከርመህ፣ ሦስት ቀን መታገሥ ትችላለህ?»

«እችላለሁ» አሉ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ። «አብረኸኝ ከተቀመጥክ።»