ይሄ ቅቤ ከየት መጣ?

በኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሴት ብር ያዘች ከተባለ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ልትሠራበት ነው?» አይደለም፤ «ከየት አመጣችው?» ነው። ባልም ይጠይቃል፣ ጎረቤትም ይጠይቃል። ታዲያ እኔም አፌን ዘጋሁ፣ ምን ላድርግ?

የኔ ሰዒድ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ደግ ሰው ነበር፣ ግን ጥላውን የሚጠራጠር ሰው። ቡራዩ መንገድ ዳር ሱቅ ነበረን፤ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ያው የሚሸጠው። ጓሮ ደግሞ አንዲት ክፍል ለአንድ አስተማሪ አከራይተናል። እና አንድ ክረምት ሰዒድ ታሞ ተኛ፣ ሱቁ ተዘጋ፣ እኔም ቁጭ ብዬ አሰብኩ። «ይሄ በር ሲዘጋ እኮ እኛም አብረን ተዘጋን» አልኩ። ብነግረው የሚለውን አውቃለሁ፤ «ሱቁ ምን ጎደለው? ማነው የመከረሽ?» ነው የሚለው። ታዲያ የሰርግ ወርቄን ሸጥኩና ገፈርሳ ካለችው ወዳጄ ከአዴ ጫልቱ ጋር አንዲት ላም ገዛን። እሷ ታበላለች፣ ታልባለች፣ ወተቱን ለከተማ ታስረክባለች፣ እኩል እንካፈላለን። ኩበቱ እንኳን ይሸጥ ነበር፣ ምን ያስቃችኋል?

ከዚያ ያ ከተማዋን በገበሬው መሬት ላይ ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ግርግር መጣ። መንገድ ተዘጋ፣ ታክሲ ቀረ፣ ከመርካቶ ዕቃ አይመጣም፣ ሱቅ መክፈትም ያስፈራል። አስተማሪውም ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ሄደ። እና ሰው ሰውን መፍራት ጀመረ። ትናንት «አካም ቡልቴ!» ብሎ ከሩቅ ሰላምታ የሚጮህልኝ ሰው ዛሬ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። እንግዳ ፊት ከታየ «የማን ጆሮ ነው?» ይባላል።

በዚህ መሃል አንድ ደላላ መጣ፤ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ በዚያ ጭቃ! ጭቃ ያልነካው ሰው በየት በኩል መጣ? እኔ ያኔውኑ ጠረጠርኩት።

«ማዘር» አለኝ፣ ድምፁን እንዲህ አለስልሶ፣ «ፕላኑ የሚያልፈው በናንተ ጓሮ ነው። መንግሥት በነጻ ከሚወስድባችሁ ለኔ ሽጡልኝ። አዝኜላችሁ ነው።»

«መንግሥት የሚወስደው ከሆነ፣ አንተ ምን ልታደርገው ትገዛዋለህ?» አልኩት።

ፈገግ አለ። ከዚያ ሰዒድን ወደ ደጅ ይዞት ወጣና ሲያንሾካሹኩ ቆዩ።

በነጋታው ሰዒድ፣ «ወርቅሽን አምጪ፣ ዕቃ እስኪመጣ እንብላበት። እሱን ካልሰጠሽኝ ጓሮውን እሸጣለሁ» አለኝ።

«ወርቅ በችግር ጊዜ አይሸጥም፣ ይረክሳል» አልኩት።

«በችግር ጊዜ ካልተሸጠ መቼ ሊሸጥ ነው?» እሱም እውነቱን ነው እኮ!

ታዲያ ወተቱ ከተማ መግባት ሲያቅተው ጫልቱ ትንጠው ጀመር። እኔ በእግሬ እየሄድኩ ድርሻዬን ቅቤ አመጣለሁ፤ ከፊሉን ለጎረቤት እሸጣለሁ፣ ከፊሉ ለቤት። እና ሰዒድ ሽሮው ላይ ቅቤ አየ። እጁን ሰበሰበ።

«ይሄ ቅቤ ከየት መጣ?»

«ጫልቱ ሰጠችኝ።»

«ሰው ለራሱ ባጣበት ጊዜ? ያ ደላላ ቀብድ ሰጥቶሻል! ተደብቀሽ ጓሮውን ሸጠሻል!»

እዩልኝ እንግዲህ! እኔ «እሱ ፈርሞ ይሆን?» እያልኩ ኪሱን እዳብሳለሁ፣ እሱ ደግሞ እኔን ይጠረጥራል።

አንድ ጠዋት ወደ ገፈርሳ ስሄድ ተከተለኝ፤ እኔ አላየሁትም። ጫልቱ ግቢ ገብቼ ከላሟ አጠገብ እንደቆምኩ ውሻው አበደ። የጫልቱ ባል ኦቦ ደቻሳ ዱላውን አንስቶ ወደ ባህር ዛፉ ሮጠ፣ ጎረቤቶቹም ተከተሉት። ከዛፉ ኋላ ሰው ተደብቋል!

«ማነህ? ማን ላከህ? መሬት ልትለካ ነው አይደል?»

ያን ጊዜ መሬት ሊለካ መጣ የተባለ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ታውቃላችሁ። ሮጬ ሄጄ ሳይ፣ ያረቢ! የኔው ሰዒድ ነው፣ ኮፍያው ወድቆ።

«ተዉ! ተዉ! ባሌ ነው!» ብዬ መሃል ገባሁ።

ኦቦ ደቻሳ ዱላውን ሳያወርድ አየኝ። «ባልሽ ከሆነ ለምን ይደበቃል?»

ሰዒድ ራሱ ተናገረ። «ሚስቴ የት እንደምትሄድ ልይ ብዬ ነው።»

«ልትሰልላት?»

«አዎ።»

ኦቦ ደቻሳ በሳቅ ፈነዳ። «ይሄስ የኛም ቤት በሽታ ነው!» አለ፣ ዱላውንም አወረደ።

ጫልቱ እርጎ አቀረበችለት። እሱ ግን እርጎውን እንደያዘ እኔን ያያል። «ወርቁስ?» አለኝ።

«ያቻትና ቆማ ታመነዥካለች» አልኩት።

«ኦቦ ሰዒድ፣» አለች ጫልቱ፣ «ግማሿ የሷ፣ ግማሿ የኔ። ዋቃ ያውቃል።»

ተነስቶ ላሟን ዞሮ ዞሮ አያት። «ጥጃዋስ?» አለ። «እሷም» አልነው። ከዚያ እሱ ፊት ፊት፣ እኔ ኋላ ኋላ ወደ ቤት አቀናን። እኔ በሆዴ፤ ይፈታኝ ይሆን? ላሟን ሽጪያት ይለኝ ይሆን? ስንደርስ ደላላው ወረቀቱን ይዞ በራችን ላይ ቆሟል።

«አንሸጥም» አለው ሰዒድ፣ ሰላም እንኳን ሳይለው።

«ኋላ በነጻ ሲወሰድባችሁ...»

«ይውሰደው! አንተ ግን አትወስደውም። የምንበላው አለን።»

«የምንበላው አለን» ሲል፣ ልጆቼ፣ እዚያው በሩ ላይ እንባዬ መጣ።

ኋላ ያ ፕላን ቀረ ተባለ። ደላላውም ያንኑ ወሬ ሰበታም ሱሉልታም ሲያወራ እንደነበር ሰማን፤ የሸጡለት ሰዎች ዛሬ በገዛ ጓሯቸው የሌላ ሰው ፎቅ ያያሉ። እኛ ጥጃዋን አሳድገን ሸጥንና ባዶውን ሱቅ ሞላን፣ ውሎ አድሮም ጓሮው ላይ ክፍል ጨመርን። ሱቁ ሲዘጋ ኪራዩ፣ ተከራይ ሲሄድ ወተቱ፤ አንዱ ሲያነክስ ሌላው ይሸከማል።

ሰዒድ ግን የተለወጠ እንዳይመስላችሁ! እስኪሞት ድረስ፣ ከሶላት ሲመለስ አጠገቤ ቁጭ ይልና፣ «ዘይነባ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ሌላ ምን አለሽ?» ይለኛል። እኔም «ምንም» እለዋለሁ።

(የልጅ ልጃቸው ጠየቀቻቸው።) «እና እማማ፣ እውነት ምንም አልነበረዎትም?»

(ሳቁ።) «እስኪ መጀመሪያ ያን በር ዝጊውና ነይ።»