ማስኬን ዝቅ ያደረግኩበት ሰዓት

— ሄሎ? ... አቤት ወንድሜ። ትሰማኛለህ? ... ቆይ፣ ሰው እያስተናገድኩ ነው። — እናቴ፣ ይቺን ከምግብ በኋላ፣ ጠዋትና ማታ ነው የሚውጧት። ሽሮፑን እስካወጣልዎ አንዴ ይታገሡኝ። — እሺ፣ ንገረኝ። ድንቡሼ እንዴት አደረ?

... ትኩሳቱ አልወረደለትም? ሁለት ቀን ሙሉ መርፌ ተወግቶ? ... ጡትም አልያዘ? ... አይዞህ። እናቱስ? ... እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም በለኛ።

... ዶክተሩ ምን ብለው ጠየቋችሁ? ... ምች? ... አይ፣ ሰምቼሃለሁ። መስመሩ ነው የተቆራረጠው።

... እና ምን አላችኋቸው? ... ምች ያለበት ሰው አልነካውም አላችሁ። ... እሺ። ... እሺ።

... አይ፣ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ምች ቫይረስ ነው። እኔና አንተን ሳምንት ለብልቦን ይከስማል። የአሥራ ሁለት ቀን ሕፃን ላይ ግን ጭንቅላት ድረስ ሊገባ ይችላል።

... የጀመሩለት መርፌ እሱን አይነካውም፤ አንቲባዮቲክ ለባክቴሪያ ነው። ... እንዴት ብዬ ላስረዳህ። ቫይረስ ብቻውን አይባዛም። ሴላችን ውስጥ ይገባና በእኛው ዕቃ ራሱን እየቀዳ ይበዛል። ዶክተሩ ያሉህ የቫይረስ መድኃኒት አይገድለውም፤ ሲቀዳ ውሸተኛ ቁራጭ ያቀብለዋል። ዚፕ ስትዘጋ አንዷ ጥርስ ተጣማ ቀጥ እንደምታደርግህ፣ መሃል ላይ ያስቆመዋል። የተረፈውን የልጁ ሰውነት ይታገለዋል። የተባዛውን ወደ ኋላ አይመልሰውም፣ ለዚህ ነው ቶሎ መጀመር ያለበት።

... የምርመራው ውጤት ነገ ነው? ... ምች ያለበት ሰው ልጁን ስሞት ቢሆን ግን ዛሬውኑ እንጀምርለት ነበር አሉ። ... እ።

— እናቴ፣ ወንበሩ ላይ አረፍ ይበሉ። ... አዎ፣ መስታወቱ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። «ምች ካለብዎ ሕፃን አይሳሙ» ነው የሚለው። ... የእኔው ጽሕፈት ነው።

— ወንድሜ፣ አለህ? ... ስማኝማ። ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ቤታችሁ ስመጣ ማስክ አድርጌ ነበር። ... አዎ፣ ሚስትህ ጉንፋን ይዞሃል ወይ ስትለኝ አዎ ያልኳት። ጉንፋን አልነበረም። ... ከንፈሬ ላይ ወጥቶብኝ ነው። ... አዎ። ምች።

... አውቃለሁ። ... አውቃለሁ እኮ ነው የምልህ፣ ከሁላችሁም በላይ። የዚያን ሰኞ ከንፈሬን ሲነዝረኝ ከመደርደሪያው የምች ክኒን አንስቼ ዋጥኩ። ሁለት ቀን ስውጥ ደረቅ አለልኝ፣ በቃ ድኛለሁ አልኩ። ክኒኑ ጊዜውን ያሳጥራል እንጂ መተላለፉን አያቆምም እያልኩ ለሰው የምለፈልፈው ደግሞ እኔው ነኝ።

... ሚስትህ ኩሽና ስትገባ። ልጁን እቅፌ ላይ አድርጋልኝ ሄደች። ዓይኑን ገልጦ አየኝ። ማስኬን ዝቅ አድርጌ ግንባሩን... ግንባሩን ብቻ አይደለም። አፉንም ስሜዋለሁ።

... ምን ልበልህ፣ አፈርኩ። ያን ዕለት ያፈርኩት በከንፈሬ ነበር፤ ፋርማሲስቱ ራሱ ምች ይዞት መጣ እንዳትሉኝ። ልጁ ሆስፒታል ከገባ ወዲህ ደግሞ በደወልክ ቁጥር አፌ ላይ እየመጣ ዋጥኩት። ሌላ ነገር ይሆናል እያልኩ ራሴን ስሸነግል ይኸው ሁለት ቀን አቃጠልኩበት።

... ስደበኝ፣ ይገባኛል። ብቻ እየሰደብከኝም ቢሆን ሩጥና ለዶክተሩ ንገራቸው። ... ምን? ... እኔ ራሴ? ... ሚስትህ አጠገባቸው ናት? ትሰማለች? ... እሺ። ... እሺ፣ ስጣቸው።

— ሄሎ... እንደምን ዋሉ ዶክተር። የአባቱ ታላቅ ወንድም ነኝ። ... አዎ፣ እኔ ነኝ የሳምኩት። ... ስምንት ቀን ሆነው። ... አፉን። ... ደርቆ ነበር፣ ቅርፊቱ ግን አልወደቀም። ... ክኒኑን በራሴ ነው የወሰድኩት። ... አሁኑኑ ትጀምሩለታላችሁ? ... እግዜር ይስጥልኝ። እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር።

... ይቅርታ፣ አልሰማሁዎትም። ... ሥራዬ?

...

ፋርማሲስት ነኝ።

... ሄሎ? ... ዶክተር፣ ዘጉብኝ እንዴ? ... ሄሎ?