የጋሽ ስንሻው አሥራ አንድ ሕሙማን

(የጥቅምት ብርድ፣ ደብረ ብርሃን፤ ከጤና ጣቢያ ጡረታ የወጡት ድሬሰር ጋሽ ስንሻው ቤት ጠረጴዛው ላይ አምፖል የበራበት የእንቁላል ካርቶን አለ፤ በሩ ላይ ጎረቤታቸው እትዬ አስካለች ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል።)

አስካለች፡- አልቀመጥም አልኩ! እንቁላሎቼን ይስጡኝና ልሂድ።

ስንሻው፡- ሦስት ቀን ብቻ ይታገሱኝ፣ እትዬ አስካለች።

አስካለች፡- ዓርብ ዕለትም ሦስት ቀን ብለውኝ ነበር። ዛሬ እኮ ሃያ አራተኛ ቀናቸው ነው! ዶሮ በሃያ አንድ ቀን ትፈለፍላለች።

ስንሻው፡- ዶሮ መብራት አይጠፋባትማ! እኔ በዚህ ብርድ በአንድ ቢጫ አምፖል ነው የምታገለው።

አስካለች፡- ማን አመጣው? ውሻዎ ዶሮዬን ባያስደነብራት መች ጥላቸው ጣራ ላይ ትወጣ ነበር? “ጥፋቱ የውሻዬ ነው፣ እኔ እፈለፍላቸዋለሁ” ያሉት እርስዎ ነዎት።

ስንሻው፡- እየፈለፈልኩ ነዋ! ካርዳቸውን ይዩት። ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ ሙቀታቸውን እለካለሁ፣ አገላብጣለሁ። ቁጥር አራት ትናንት ትንሽ ወርዶባት ነበር።

አስካለች፡- ለእንቁላል ካርድ አወጡ? ቴርሞሜትሩንስ የት ነው የሚከቱት?

ስንሻው፡- ከጎናቸው ነዋ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?

አስካለች፡- የአቶ ደምሰው ለቅሶ ላይስ ምን ነክቶዎት ነው? ሰው ደረቱን ሲደቃ እርስዎ ክንድዎን አጣብቀው እንደ ግንድ ቆሙ። ሚስቱ እስከ ዛሬ ተቀይማለች።

ስንሻው፡- መብራት ጠፍቶ ነበራ! ሁለቱ ብብቴ ሥር፣ የቀሩት ሆዴ ላይ ታስረው ነበር። ደረቴን ብደቃ ለቀስተኛውን እንቁላል ፍርፍር ላበላው ነው?

አስካለች፡- አያስቁኝ፣ ተቆጥቼ ነው የመጣሁት! ቅዳሜ ልጄ መኪና ይዛ ትመጣለች። ሐዋሳ ልትወስደኝ ነው።

ስንሻው፡- ለጥየቃ?

አስካለች፡- ጠቅልዬ። ሻንጣዬን አውጥቻለሁ። “እዚያ ብርድ ውስጥ ምን ያስቀርሻል?” ትለኛለች። ምን ልበላት?

ስንሻው፡- ጫጩቶቹስ? እናት የሌላቸውን ጫጩቶች ጥለው ይሄዳሉ?

አስካለች፡- የቱን ጫጩት? እስቲ ይቺን ሰብሬ ልያት።

ስንሻው፡- ኧረ በማርያም! ቁጥር ሰባትን ይተዋት!

አስካለች፡- ሰውዬ፣ ምንድን ነው የደበቁኝ?

ስንሻው፡- እሺ… በሰባተኛው ቀን በባትሪ አየኋቸው። ጥርት ያሉ ናቸው። የደም ሥር የለ፣ ምን የለ። አሥራ አንዱም ባዶ ናቸው።

አስካለች፡- በሰባተኛው ቀን! ታዲያ ይኼን ሁሉ ቀን የማንን ሙቀት ነበር የሚለኩት?

ስንሻው፡- ብነግርዎት በስምንተኛው ቀን ይመጡ ነበር? ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ይህን በር የሚያንኳኳ ጠፍቷል። እርስዎ “እንዴት አደሩ እንቁላሎቼ?” ብለው ሲገቡ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ እውላለሁ። አይሂዱብኝ። ይኸው፣ አልኩት።

አስካለች፡- ጋሽ ስንሻው፣ እኔ ግቢ አውራ ዶሮ አለ?

ስንሻው፡- አውራውማ… ለፋሲካ ታርዶ የለ?

አስካለች፡- ታርዷል። ፈረሰኛውን የበሉትም እርስዎ ነዎት።

ስንሻው፡- እንዴ! ታዲያ እነዚህ ከመነሻውም…

አስካለች፡- ደግሞ ድሬሰር ነኝ ይላሉ! ያለ አውራ የተጣለ እንቁላል በሰፌድ ተሸክሜ በርዎን ሳንኳኳ ምን ፈልጌ መሰለዎት?

ስንሻው፡- ልጅዎስ? ቅዳሜስ?

አስካለች፡- ጠዋት ደውዬ አትምጪ ብያታለሁ።

ስንሻው፡- ታዲያ ያ ሁሉ ቁጣ ምን ነበር?

አስካለች፡- እርስዎን አፍ ለማስከፈት ነዋ! እንቁላል እንኳ በሃያ አንድ ቀን ይፈለፈላል፤ እርስዎ ሃያ አራት ፈጀብዎት።