ጋሽ ይመር ከገመዱ ወዲያ

ወዳጆቼ፣ አንዴ ጸጥ በሉልኝ። ሳልሀ፣ ያቺን ማራገቢያ ወደ ጋሽ ይመር አዙሪለት፤ ካሁኑ ያላበው የምናገረውን ስላወቀ ነው።

ጭኑ ላይ አጥብቆ የያዛትን ናስ ታያላችሁ? የማጠቢያ ቱቦው አፍ ናት። ከነገ ጀምሮ የተተኪው፣ የበቀለ ናት። «አስረክብ» ካልነው ሰነበትን፤ እሱ «ነገ» ይላል። እንግዲህ ጋሽ ይመር ዛሬ ጡረታ ይወጣል፤ እሷን ይለቃታል ወይ የሚለውን ግን አብረን እናያለን።

መጀመሪያ ስለ አመጣጡ ላውራ። ከደሴ አሰብ የገባ ዕለት ወፍራም ካፖርት ለብሶ ነበር። በሰኔ! እኔ የወደቡን ወለል በውኃ ግፊት የማጠቡን ኮንትራት ገና መያዜ ነው፤ ፖምፓዋም ገና ከሣጥኗ መውጣቷ።

«ይህን ቱቦ ትችለዋለህ?» አልኩት።

«ሳኒ፣ እኔ በሬ ጠምጄ ያረስኩ ሰው ነኝ። የጎማ ቱቦ ያቅተኛል?»

ሞተሩን አስነሣሁ። ቱቦው ወደ ፊት ውኃውን ተፋ፣ ወደ ኋላ ጋሽ ይመርን ተፋ። ያገኘነው ዓሣ ሻጩ ቅርጫት ውስጥ ተቀምጦ፣ ካፖርቱ እንደተቆለፈ ነው። የቀን ውሎዬን የመጻፍ ልማድ አለኝ፤ የዚያን ዕለት ያሰፈርኩት ይኸው ነው፦ «አዲስ ሠራተኛ መጣ። በረረ።»

ሌላ ሰው ቢሆን በማግስቱ የደሴን መኪና ይሳፈር ነበር። እሱ ካፖርቱን ሸጦ ቦቲ ጫማ ገዛ። ከዚያ ወዲህ ደንቡን ታውቁታላችሁ። የምናጥበውን ቦታ በገመድ ያጥራል፤ ቦቲ ያላደረገ ሰው ገመዱን አያልፍም። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት «እግር!» ብሎ ይጮኻል፤ እኛም አንዳንድ እግራችንን አንሥተን «በቦቲ!» እንላለን። መርከበኞቹ ቆመው ያዩን ነበር፤ ጸሎት የመሰላቸውም አሉ።

አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሹም ሊጎበኙን መጡ፤ ነጭ ሸራ ጫማ አድርገዋል። ገመዱን ሊሻገሩ ሲሉ ጋሽ ይመር «እግር!» ብሎ ጮኸባቸው።

«ይህ ሰው ምን ሆኗል?» አሉ ሹሙ።

«ጌታዬ፣ ይህ ውኃ ሲሚንቶ ላይ የደረቀ ዘይት ይልጣል። የእርስዎን ጣት የሚምር ይመስልዎታል?»

ሹሙ ጣታቸውን አዩ። እኔ ኮንትራቴ ሲበር ታየኝ። ጋሽ ይመር ሮጦ ትርፍ ቦቲ አመጣላቸው፤ ሁለቱም የግራ። ሁለቱ እግራቸው ወደ አንድ ወገን እያየ ወደቡን ሁሉ ዞሩ። ሲሄዱ እጁን ጨብጠው አመሰገኑት። ቦቲውን ግን አልመለሱም።

ለአዲስ ሠራተኛ የሚሰጠውን ትምህርትስ? ወለል ላይ ሐብሐብ ያስቀምጥና ውኃውን ይለቅበታል፤ ሐብሐቡ ለሁለት ይከፈላል። «ይህ ቁርጭምጭሚትህ ነው» ይላል። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ፣ «አሁንስ የቱቦው አፍ ይፈታል?» ብሎ ይጠይቃል። «አዎ» ያለ ወደቀ።

«ሞተሩ ተኛ ማለት ውኃው ተኛ ማለት ነው? ውስጥ የታፈነውን ሳታስተነፍስ እንዳትነካት!»

ከዚያ ሌላ ሐብሐብ። በቀለ ይህችን ትምህርት ለመያዝ አንድ ወር ፈጀበት። ሐብሐቡን የማቀርበው እኔ ነበርኩና «ምን ዓይነት ድንጋይ ራስ ነው?» እል ነበር። ለካ የተከፈለውን ቁጭ ብሎ የሚበላው እሱ ኖሯል! አትሣቅ በቀለ፣ ወደ አንተ እመጣለሁ።

ደግሞ የምናጥበው በባሕር ውኃ ስለሆነ፣ ጨው እንዳይበላት ሥራ ሲያልቅ ፖምፓዋን በንጹሕ ውኃ ያጥባታል። «እሷ ሳትጠጣ እኔ አልጠጣም» ይላል። ባለቤቱ እቴናት አንድ ቀን ሱቄ ድረስ መጥታ፣ «ሳኒ፣ ለዚያች ብረት ከሚቀዳው ለእኔ አንድ እንስራ ቢያመጣ ምን ይለዋል?» ብላኛለች።

አሁን ቁም ነገር ልናገር። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ሰውን በወሬ አልመዝንም። ሁላችሁም እግራችሁን እዩ። ጣቶቻችሁ አሉ? የጋሽ ይመር ሥራ ይኸው ነው። መርከብ ቆሞ ሲጠብቀን «ዛሬስ ገመዱን ተወው፣ ቶሎ እንጨርስ» ስለው አንድም ቀን እሺ ብሎኝ አያውቅም። ጋሽ ይመር፣ ስላልሰማኸኝ አመሰግንሃለሁ።

ግን ትናንት ምን አልከኝ? «ነገ ጠዋት ብቅ ብዬ ቱቦውን ለበቀለ ትንሽ ብቻ ልያዝለት።» ጉልበትህ ቱቦውን እንደማይችል ሐኪሙ ነግሮሃል። ዳግመኛ ከወደቅህ ደግሞ ቅርጫቱን ማን ያቀብልሃል? ዓሣ ሻጩ እንደሆነ አገሩ ጥዖ ገብቷል።

እንግዲህ ለሽኝት ቦቲ አድርጋችሁ ኑ ስላችሁ ሳኒ አበደ ብላችሁኛል። በቀለ፣ ተነሥ። ጮክ ብለህ!

«እግር!» አለ፤ ሰማችሁት? አንሡ! ሳልሀ፣ አንቺም! በሉ፣ «በቦቲ!» ጎሽ።

ጋሽ ይመር፣ ያንተስ? አንሣ እንጂ። አያችሁልኝ? ሰንደል! እቴናት ለዛሬ ብላ የገዛችለት አዲስ ሰንደል ጫማ። አትመልከታት፤ ተማክረን ነው። በቀለ፣ ደንቡ ምን ይላል?

«ጋሽዬ፣ ከገመዱ ወዲያ ይሁኑልኝ» አለህ። ደንቡ ያንተው ነው፤ ሹም ያቆምክበት።

እሺ... አይዞህ፣ ቀስ ብለህ። ሰጠው! እልል በሉ! በቀለ፣ በሁለት እጅህ ተቀበል።

ከገመዱ ወዲያ፣ ከመጋዘኑ ጥላ ሥር፣ ወንበር አስቀምጠንልሃል። በፈለግህ ቀን ና፣ ተቀመጥ፣ እንደልብህ ስደበን። ሰንደልህን ብቻ እንዳታወልቅ።

በሉ፣ ቢራ የያዘ ቢራውን፣ እኔም የሎሚ ውኃዬን ላንሣ። ለጋሽ ይመር! ጉልበትህ ይበርታ፣ የእቴናት እንስራ ይሙላ፣ የእኛም ጣት እንዳለ ይቆይልን!

አሁን ሐብሐቡ ይቅረብ። በቀለ፣ ናሷን አስቀምጣት! በቢላዋ ነው የምንቆርጠው።