በቦርሳዬ የቀረው ከረሜላ

ከልደታ ታክሲ ተሳፍሬ ስሄድ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ቀስ ብለው ትከሻዬ ላይ ዘንበል አሉ። በላብ ተጠምቀዋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ የሚያወሩት አይያዝም። "ፋዘር፣ በጠዋቱ ጀመሩት እንዴ?" አለ ከኋላ አንዱ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ያንን ላብ አውቀዋለሁ። ሟቹ ባለቤቴ ስኳሩ ሲወርድበት እንደዚሁ ነበር የሚያደርገው። "አልሰከሩም፤ ስኳር ነው!" ብዬ እጄን ወደ ቦርሳዬ ሰደድኩ። ለእሱ እይዛቸው የነበሩት ከረሜላዎች፣ ከሞተ ወዲህም ማውጣት አቅቶኝ እዚያው ነበሩ። "አባቴ፣ ይቺን ይምጠጡ" ብዬ አጎረስኳቸው።

የመስኮቱ ብርሃን ፊታቸው ላይ ሲመላለስ፣ ባለቤቴ ከሩቅ አገር ቀስ እያለ የሚመለስ መሰለኝ። ሁለተኛውን ከረሜላ ሲጨርሱ ዓይናቸውን ገለጡ። የእሱ ዓይን አልነበረም።

"ልጄ፣ አንቺም ስኳር አለብሽ?"

"የለብኝም። የባለቤቴ ነው።"

ጥቁር ሻሼን አዩና ገባቸው። "እንግዲያው እሱ ነዋ ያተረፈኝ" አሉ።

ሰንጋ ተራ አብረን ወረድን፤ በስልክ የጠራናት ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው። እኔም ሱቅ ጎራ ብዬ ከረሜላ ጠየቅሁ።

"ለልጆች ነው፣ እትዬ?" አለኝ ባለሱቁ።

"ለባለቤቴ ነው" አልኩት።